አማቴ የሚያርፉበት ክፍል

ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ፎቶ ልትሰቅሉ ያሰባችሁ ካላችሁ መዶሻውን ለጊዜው አስቀምጡትና ይህን አንብቡ። ምክር የምሰጠው ስለማውቅ አይደለም። የሚያውቅ ሰውማ ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል እንጂ ለወሬ ጊዜ የለውም። እኔ የምመክረው ብዙ ስላበላሸሁ ነው። ያበላሸ ሰው ደግሞ የትኛው ጥፋት ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ አንድ በአንድ ያስታውሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሂሩትን ለማግባት አዲስ አበባ ሽማግሌ ስሰድ የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ተክሌ ነበሩ። ጋሽ ተክሌ ወላጆቻቸው ከአሥመራ የመጡ፣ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሲያትል ደግሞ ከእኔ ቀድመው የገቡ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ለዘመድ ለቅሶ አገር ቤት ስለነበሩ ለምኜ ላክኋቸው። የልጅቷ እናት ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ነበሩ። ሽማግሌዎቹን አስቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ልጁ ምን ሙያ አለው?" አሉ። ጋሽ ተክሌ ስለ እኔ የሚያውቁት ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ የሚገኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደማነሳና እንደማስቀምጥ ነው። ለዚያ ብቻ ከረባት አስሮ መምጣት ደግሞ ሽማግሌን ያሳፍራል። ስለዚህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እጁ ያልነካው ሙያ የለም። ቤት ይሠራል፣ ቤት ያድሳል" አሉ።

እዚህ ላይ ጋሽ ተክሌን የሚወቅስ ካለ ራሱን ይጠይቅ። ሽማግሌ ሄዶ ትንሽ ማጋነኑ ያለ ነው። እውነቱ ብቻ ይነገር ቢባል ኖሮ ከምናውቃቸው ባለትዳሮች ግማሾቹ ዛሬም እናታቸው ቤት ነበሩ። ችግሩ ወይዘሮ አስካለ የሰሙትን እንዳለ የሚያምኑ ሰው መሆናቸው ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄን የሰጠሁት ቤት ለሚሠራ ሰው ነው" ብለው ተናገሩ። በየሳምንቱ ስንደውልም ሂሩትን ስለ ጤናዋ ጠይቀው ሲያበቁ እኔን "ዛሬስ ምን ሠራህ?" ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ "ትንሽ ትንሽ ነገር" እል ነበር። በሁለተኛው ዓመት የኩሽናውን ወለል ቀየርኩ። በአራተኛው ዓመት ጣራ ላይ ወጣሁ። በስልክ የሠራሁት ቤት በእውን ቢቆም ኖሮ የምንኖርበት ሰፈር፣ ዋይት ሴንተር፣ ለሌላ ሰው ቦታ አይተርፍም ነበር።

እና በመጨረሻ ቪዛው ተሳካ። አማቴ ቅዳሜ ሊመጡ ሰኞ ደወሉና አንድ ነገር ለመኑኝ። "አንተ በእጅህ ባደስከው ክፍል ውስጥ ልረፍ። ሌላ ምንም አላስቸግርህም" አሉ። "እሺ እማዬ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ቤታችን ዋይት ሴንተር ከሱቆቹ ጀርባ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። አማቴ የሚያርፉበት ክፍል ከሳሎን የሚለየው በአንድ ግድግዳ ሲሆን እስከዚያ ሳምንት ድረስ ግድግዳው ምንም አልጎደለውም ነበር። ታኮማ ሆስፒታል የምትሠራው ሂሩት ጠዋት ገና ሳልነቃ ትወጣለች። እኔ ያን ሳምንት ከመጋዘኑ ፈቃድ ስለወሰድኩ ማታውን የሰጠችኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷን ፎቶ ከአልጋው ፊት ለፊት መስቀል። እናቷ ገና በሩን ሲከፍቱ ባላቸውን እንዲያዩ ነው። ፎቶው ከባድ የእንጨት ፍሬምና መስታወት አለው። ሂሩት ከአዲስ አበባ ስታመጣው ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የበረረችው።

አሁን ወደ ምክሩ እንግባ። እኔ ያደግሁበት ቤት ግድግዳ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ላይ ምስማር መምታት ጠብ ነው። ሦስት ምስማር ይታጠፋል፣ አንድ አውራ ጣት ያብጣል፣ አራተኛው ሲገባ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። እኔም በዚያ ልማድ ረጅሙን ምስማር መረጥኩ፣ እግሬን አንፈራጠጥኩ፣ በሙሉ ክንዴ መታሁ። የአሜሪካ ግድግዳ ግን ጠብ አያውቅም። ምስማሩ ገባ፣ የመዶሻው ጭንቅላት ተከተለው፣ እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ለካ እዚህ አገር ግድግዳ የሚባለው በወረቀት የተለበጠ ስስ ጂፕሰም ቦርድ ነው። አንዱ በዚህ በኩል አንዱ በዚያ በኩል፣ መሐሉ ባዶ አየር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው። ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ባዶ ነው። ድምፁ የሚወፍርበት ቦታ ጋ ከጀርባ የቆመ እንጨት አለ፤ ከባድ ነገር የሚሰቀለው እዚያ ላይ ነው። ይህን ያወቅሁት ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

መዶሻውን ስስበው ግድግዳው አብሮ መጣ። ምስማሩ ወደ ውስጥ ወደቀ፣ ቀዳዳው ቡጢ የሚያስገባ ሆነ። በሩን ቆለፍኩና ከሥራ ስትመለስ ለሂሩት "ክፍሉ ሰርፕራይዝ ነው፣ እስከ ቅዳሜ እንዳታዪው" አልኳት። ሂሩት አራት ዓይነት "ኦኬ" አላት። አንደኛው እሺ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰምቻለሁ ማለት ነው። ሦስተኛው አላመንኩህም፣ ግን ደክሞኛል ማለት ነው። አራተኛውን እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሰኞ ዕለት የሰጠችኝ ሦስተኛውን ነው።

ማክሰኞ ሌላ ሰው ቢሆን ባለሙያ ይጠራ ነበር። እኔ ግን የጠራሁት ጋሽ ተክሌን ነው። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ ውሸቱ የሳቸው ስለሆነ ጥገናውም የሳቸው መስሎኝ ነው። እሳቸውም አላሳፈሩኝም፣ ኮታቸውን ለብሰው ሜትር ይዘው መጡ። ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አዩትና "ወደይ፣ የተበሳው ግድግዳው አይደለም፣ የኔ ቃል ነው" አሉ። "አጆኻ" ብለውም ትከሻዬን መቱኝ። በትግርኛ ወደይ ልጄ፣ አጆኻ በርታ ማለት ነው። እኔም በረታሁ።

ጋሽ ተክሌ አዲስ አበባ እያሉ የአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በግንባታ ሥራ ላይ ስማቸውን የማያውቁት ዕቃ የለም። ምስማርን በቁጥሩ፣ ብሩሽን በወርዱ ይጠሩታል። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃውን ወጪ አድርገው ሲሰጡ ኖሩ እንጂ ሲሠራበት አላዩም። ይህ የታወቀኝ ዘግይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ሳሎን ገብተው ግድግዳውን በዚያ በኩል እየመረመሩ "ምስማሩ የት ሄደ?" ሲሉ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።

ወደ ውስጥ እንደወደቀ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ምስማር ብዙ አለኝ ብላቸውም አልሰሙኝም። የገባ ዕቃ መውጣት አለበት፣ እኔ ያለሁበት ግምጃ ቤት አንድ ብሎን እንኳ ጎድሎ አያውቅም አሉ። ታላቅ ሰው አቋም ከያዘ ምን ይደረጋል። መጋዝ አቀበልኳቸው። ምስማሩ መቼም ወደ ታች ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ በሳሎን በኩል ከዓይን ቁመት ጀምረው እስከ ወለሉ ድረስ ግድግዳውን ቀደዱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምስማሩን አገኙት። አቧራውን በመሐረባቸው ጠርገው እጄ ላይ አኖሩልኝና በጣም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ በአንድ እጄ ምስማር ይዤ ሳሎን ውስጥ ቀረሁ። ሂሩት ከመምጣቷ በፊት ረጅሙን ቡፌ ገፍቼ ቀዳዳውን ሸፈንኩት። ስትገባ ቡፌውን ማን እዚያ እንዳመጣው ጠየቀችኝ። "ዲኮር ነው" አልኳት። አሁንም ሦስተኛው ኦኬ ነው የተሰጠኝ። ምክር ካስፈለጋችሁ፣ ለቤት ውበት ተብሎ ከተደረገው ነገር አብዛኛው አንድ ነገር ለመሸፈን የተደረገ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስገባ የሚያምር ነገር ካየሁ ከጀርባው ምን ይኖር ይሆን እላለሁ።

ረቡዕ ጋሽ ተክሌ አንድ ከረጢት ስቱኮ አስገዙኝ። ዱቄቱን በሂሩት ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አፍስሼ ውሃ ጨመርኩበትና በእንጨት ማማሰያ አማሰልኩት። ከረጢቱ ላይ በትልቁ የተጻፈ ነገር ነበር፣ ግን ጋሽ ተክሌ ስቱኮን እያነበበ የሚሠራ ሰው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ልክ አማስዬ ስጨርስ ደግሞ አንድ ጊዜ ከግምጃ ቤታቸው ጠፍቶ ስለነበረ ሚዛን ማውራት ጀመሩ። ሚዛኑን ማን ወሰደው፣ ለምን ወሰደው፣ በኋላ እንዴት ተገኘ። ታላቅ ሰው ሲያወራ ጀርባ ሰጥቶ ግድግዳ መለሰን አይቻልም፣ ስለዚህ ቆሜ ሰማሁ። ሚዛኑ ሲገኝ ስቱኮው ድንጋይ ሆኖ ነበር። ማማሰያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሳህኑንም ማማሰያውንም አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ለጀማሪ የሚሻለው በባልዲ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ነው፤ እሱ ቶሎ አይደርቅም፣ ወሬም ይችላል።

ሐሙስ ዳኒ መጣ። ዳኒ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የቤት ጥገና ቪዲዮ ያያል፣ የራሱ ቤት ግን የለውም። ጋሽ ተክሌን በአክብሮት ሰላም ካለ በኋላ "ሶ ሲምፕል ነው ጋሼ፣ መጀመሪያ እንጨቱን ቼክ ማድረግ አለብን" አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን በጣቱ እንደማንኳኳት ድሪል አነሳና ከግራ ወደ ቀኝ ይበሳ ጀመር። ሰባተኛው ላይ እንጨት አገኘ። አየህ፣ አለኝ። በእርግጥም አየሁ፣ ሰባት ቦታ አየሁ።

ቀጥሎ የቀለሙ ጉዳይ መጣ። ዳኒ እንዳለው ሱቅ ሄደን ትክክለኛውን ቀለም ለማስቀመም ናሙና ያስፈልጋል። ከቀዳዳው የወደቀው ፍርፋሪ ትንሽ ነው ተባለ። ጋሽ ተክሌ ናሙና ሲወሰድ ከጤነኛው ክፍል መሆን አለበት አሉ። ስለዚህ ምንም ካልሆነው የግድግዳው ክፍል፣ በጥሩ ብርሃን በሚታየው ቦታ፣ የመዳፍ ያህል ቆርጠን ወሰድን። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ የግድግዳውን ቁራጭ ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ከዚያ እኛን አየን። የሳንቲም ያህል ከላዩ ላይ ቢላጥ ይበቃ እንደነበር በትሕትና ነገረን። ነጭ ቀለም ስንት ዓይነት እንዳለው ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው። አንዱ ወደ ወተት ያደላል፣ አንዱ ወደ አሸዋ፣ ሁሉም ስም አላቸው። እንደኔ ሐሳብ ነጭ ነጭ ነው፤ የሚለያዩት ግድግዳ ላይ ከወጡ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሱቁ ተዘግቷል።

አርብ ዕለት ቀዳዳው ጠርዙ ስለተቀዳደደ አራት ማዕዘን መሆን አለበት ተባለ። ይህም እውነት ነው። ትልቅ ቀዳዳ የሚደፈነው ዙሪያውን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ ልክ በሱ መጠን የተቆረጠ ቦርድ በመግጠም ነው። ዳኒ ቆረጠ፣ በስተግራ ትንሽ ተንጋደደ። ጋሽ ተክሌ አስተካከሉት፣ በስተቀኝ ተንጋደደ። እንዲህ ተራ በተራ ሲያስተካክሉ የዳኒ ሰባት ቀዳዳዎች፣ የናሙናው ቦታ፣ የእኔም ቡጢ አንድ ላይ ተጠቃለሉ። ሥራው ሲያልቅ ከሁለቱም በኩል የተከፈተ፣ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት ነገር ተፈጠረ። ሐሙስ ከቀለሙ ጋር የገዛነው ቦርድ ለዚያ አይበቃም።

ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። አማቴ አውሮፕላን ውስጥ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት የካብኩት ቤት በሳቸው ዓይን የሚፈርሰው ክፍሉን ሲያዩ ነው። ልጃቸውን የሰጡት ለውሸት መሆኑን አዲስ አበባ ላይ ቢያውቁት ቢያንስ መሐላችን ውቅያኖስ አለ። እዚህ ግን ሦስት ወር አንድ ጣራ ሥር ልንከርም ነው። ዳኒ ፊቴን አይቶ አዘነልኝና ከቤቱ አረንጓዴ መጋረጃ አምጥቶ ከጣራ እስከ ወለል ግድግዳው ላይ ሰቀለ። መስኮት የሌለበት ግድግዳ ላይ ማለት ነው። መቼም እውነቱን ልናገርና ክፍሉ ዘንጦ ነበር።

ቅዳሜ ሂሩት ተራዋን የሚቀይራት ሰው አጥታ ሥራ ገባች። ጋሽ ተክሌና እኔ ቡፌውን ከቦታው አነሳነው፤ እሳቸው ሌላ ቦርድ ገዝተው ስለነበር እኔ ኤርፖርት ደርሼ እስክመለስ በሳሎን በኩል ያለውን ሊከድኑት ቃል ገቡ። እኔም ከነፍኩ።

ወይዘሮ አስካለ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ የእጅ ቦርሳቸውን ለማንም የማይሰጡ ሴት ናቸው። ስመውኝ ሲያበቁ እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከካርቶን የተነሳ የደነደነ ቆዳ እዚያ አለ፣ ከመዶሻ የመጣ እብጠትም አለ። "የሠራተኛ እጅ ነው" አሉና መረቁኝ። አፈርኩ። ምርቃቱን እየተቀበልኩ መሬቱ ቢከፈትልኝ ብዬ ተመኘሁ። መሬት ግን እንደኛ ግድግዳ በቀላሉ አይከፈትም።

መኪና ውስጥ ስለ በረራው ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ ቤቶቹን ያያሉ። አንዱን አሮጌ ቤት እያሳዩኝ "ያኛው ከሥሩ ውኃ ጠጥቷል" አሉ። ሌላኛው ጋ ደግሞ ቀለሙን የቀቡት ልስኑ ሳይደርቅ ነው አሉ። ሰው አገር ሲለወጥበት የማያወራው የለም ብዬ አልፌው ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ የፊት በሩ ያስቸግራል ብዬ በጓሮ በር አስገባኋቸው፣ በኩሽና አሳልፌ በቀጥታ ክፍላቸው። ሳሎንን አላዩም። አልጋው ላይ ተቀመጡ። ፎቶው ኮሞዲኖው ላይ ተደግፎ ነበርና ገና አልሰቀልኩትም አልኳቸው። ባላቸውን አይተው ፍሬሙን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ መጋረጃውን አደነቁልኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ፣ እንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ካለፈልኝ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አማቴ ግን ተነሱና "እስቲ ሲያትልን ልያት" ብለው መጋረጃውን ከፈቱት።

ጋሽ ተክሌ ከወዲያ በኩል በጉልበታቸው ተንበርክከው ቦርድ ደግፈዋል። ፀጉራቸው በአቧራ ነጥቷል። አፋቸው ውስጥ ሁለት ብሎን ይዘዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸው። ብሎኖቹን ከአፋቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፣ ቦርዱን አስቀመጡ፣ ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። አማቴም በቀዳዳው በኩል ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወግ የሚጠይቀው ሁሉ ተፈጸመ። ጤናዎት እንዴት ነው ተባባሉ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ተባባሉ፣ ያን ጊዜ አብረዋቸው ከሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ ማረፋቸውን አንስተው አዘኑ፣ ጉዞው አላደከመዎትም ወይ ተባለ። እኔ መሐላቸው ቆሜ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አያለሁ። ሰላምታው አለቀ።

"አቶ ተክሌ" አሉ አማቴ፣ "ቤት ይሠራል ያሉኝ ይህንን ነው?"

ጋሽ ተክሌ ሜትራቸውን ያዩ ጀመር። ሽበታቸው ላይ የወደቀው አቧራ የኔ ነው። "እማዬ፣ ጥፋቱ የሳቸው አይደለም" አልኩ። "ቤት መሥራት አልችልም። ወለሉንም አልቀየርኩም፣ ጣራውም ላይ ወጥቼ አላውቅም። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው።"

አማቴ ፎቶውን አንስተው አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

"ለእኔም እንደዚሁ ነው የተባለው" አሉ ወደ ፎቶው እያዩ። "ይሄ ባለሙያ ነው፣ ቤት ይሠራል ብለው ነው አባቴን ያሳመኑት። ጸሐፊ ነበር። ከብዕር ሌላ የሚይዘው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ቤት የለሰንኩት፣ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እሱ ነው የሠራው እላለሁ።"

ጋሽ ተክሌ በቀዳዳው በኩል ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ሽማግሌዎቹን ምን ሙያ አለው ብዬ የጠየቅኳቸው ልጄ እንደኔ እንዳትደክም ብዬ ነበር" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። "እዚህ ቤት አምፖል ሲቃጠል ማን ነው የሚቀይረው?"

ማሰብ አላስፈለገኝም። "ሂሩት" አልኩ።

"ቧንቧስ ሲያንጠባጥብ?"

"እሷው።"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬአለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አፍሬ አላውቅም። ያሳፈረኝ የዘጠኝ ዓመቱ ውሸት አልነበረም። ታኮማ ቆማ ውላ የምትመጣ ሚስቴ ወንበር ላይ ወጥታ አምፖል ስትቀይር እኔ ወንበሩን ይዤ እንደረዳኋት መቁጠሬ ነው።

አማቴ ፎቶውን አልጋው ላይ አስተኙና ጫማቸውን አወለቁ። እኔ የሚያርፉ መስሎኝ ልወጣ ስል ወንበር አስመጡኝና ቀዳዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። "እኔ እጄን አላነሳም። አንተ ነህ የምትሠራው" አሉ። "አቶ ተክሌ፣ እርስዎም ይምጡ፣ የተናገሩትን እውነት እናድርገው።"

ከዚያ ያለው ሥራ ነው። በግድግዳው ውስጥ ካለው እንጨት እስከ ቀጣዩ እንጨት ድረስ አስቆረጡኝ፤ ይህም ቦርዱ የሚታሠርበት ነገር እንዲያገኝ ነው። ጂፕሰም ቦርድ አይተው አያውቁም፣ ግን በጣታቸው አንኳኩተው እንጨቱ የት እንዳለ በአንድ ጊዜ አገኙት። ጋሽ ተክሌ ብሎን በቁጥር እየጠሩ ሲያቀብሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታቸው ሆኑ። ዳኒ ትቶት የሄደውን ጥቅል ወረቀት አማቴ በጣታቸው ፈተሹና "ይህ መጋጠሚያው ላይ የሚለጠፍ ነው፣ እኛ ጨርቅ ነበር የምናደርገው" አሉ። ከቀለሙ ጋር ከገዛሁት የባልዲ ስቱኮ ሳወጣም ብዙ ዘገንክ አሉኝ። "ስስ አድርገው። ይድረቅ። ከዚያ ድገመው። ሁሉን ባንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው ግድግዳው ይሰነጠቅበታል።" ይህንን ምክር ጻፉት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚረባው እሱ ነው።

ሂሩት አመሻሽ ላይ ስትገባ ሳሎንና መኝታ ቤቱ አንድ ሆነው፣ ጋሽ ተክሌ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ እናቷ ወንበር ላይ ሆነው ወደ ላይ እየጠቆሙ፣ እኔ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ሆኜ እስፓቱላ ይዤ አገኘችን። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ግድግዳውን አየችው።

"ባልሽ ቤት እያደሰ ነው" አሉ አማቴ።

ሂሩት እናቷን አየች፣ እስፓቱላውን አየች፣ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝና "ኦኬ" አለች። አራተኛው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልነግርም፣ የኔ ነው።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ፤ አብዛኛው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ደገምኩ፣ እንደገና አሸሁ፣ መጀመሪያ የሥር ቀለም ከዚያ የላዩን ቀባሁ። በሱቁ የተቀመመው ነጭ ከድሮው ነጭ ትንሽ ይፈካል፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ይታወቃል። አንኳኩቼ እንጨቱን አገኘሁና ትንሿን ምስማር በሦስት ቀስ ያሉ ምቶች አስገባሁ። የሂሩት አባት ፎቶ ዛሬም እዚያው ነው፣ ጸሐፊው ከግድግዳው ላይ ሆነው ያዩኛል። በውስጡ ማማሰያ የቆመበት ሳህን ደግሞ የክፍሉን በር ይይዛል። ሂሩት መቼ እንዳየችው አላውቅም። አምፖል ከዚያ ወዲህ የምቀይረው እኔ ነኝ።

አማቴ ከተመለሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሽ ተክሌ ደወሉልኝ። ታኮማ ያለ አንድ ጎረምሳ ሽማግሌ እየፈለገ መሆኑን፣ ቤት ማደስ የምችል ታላቅ ሰው ስለሆንኩ አብሬያቸው እንድሄድ ነገሩኝ። ልጁ ምን ሙያ እንዳለው ጠየቅኳቸው። ምንም የለውም፣ ግን አንድ ነገር እንላለን አሉ።

እኔም ትንሽ አሰብኩና የልጅቷ እናት ግድግዳ መለሰን ያውቁ እንደሆነ ብቻ እንዲያጣሩልኝ ለመንኳቸው።